ስህተት የሌለበት ሰሌዳ

መምህሩ ከሰሌዳው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ሲገኝ፣ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ ሠራተኞች እንባ የወጣው አንድም አልነበረም። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች። ምክትሏ ክራቫቱን አስተካከለ። ወጣቱ መምህር «ወይ ጉድ!» አለና፣ ቀጥሎ የሚለው ስላጣ፣ ደግሞ «ወይ ጉድ!» አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሟቹ ሲሞት የሚያስለቅስ ሰው አልነበረም፤ በሕይወት ሳለ ግን ያላስለቀሰው ሰው የለም።

በርጩማው ከጎኑ ተገልብጧል። በቀኝ እጁ ጠመኔ ይዟል። ከበላዩ፣ ሰሌዳው ላይ፣ ሰባቱ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ዓይነቶች በሰባት ዓምድ ተሰልፈዋል፤ የሰው፣ አገናዛቢ፣ ድርብ፣ አመልካች፣ ጠያቂ፣ አዛማጅ፣ ያልተወሰነ። ሰንጠረዡ በባለ ቀለም ጠመኔ፣ ከአናት እስከ ግርጌ፣ አንዲት ሳጥን ሳትቀር ተሞልቷል።

ይህን ሰንጠረዥ መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጽፈዋል። ተማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ ሾፌር፣ ነርስ፣ ለእንጀራቸው እንግሊዝኛ ያስፈለጋቸው። እሱ ግን አንዳቸውንም በስማቸው ጠርቶ አያውቅም። የተቀመጡበት ወንበር ተውላጠ ስማቸው ነበር። ፊተኛው ወንበር ላይ ያለው «አይ» ነው፤ ከጎኑ ያለው «ዩ»፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ምስኪን «ኖባዲ»፣ ማለትም ማንም ያልሆነ፣ ይባላል። ሥርዓቱን የማስተማር ጥበብ ይለው ነበር። ጥጋብ ነው እንጂ ምን ጥበብ አለው።

መርማሪዋ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጫማዋ የተንሻፈፈ ሴት ናት፤ ፊቷ ሁልጊዜ መጥፎ ሽታ እንደሸተተው ሰው ጨምደድ ያለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታ ከሰው ልጅ ብዙ አለመጠበቅን ተምራለች።

«ገዳይዋን ይዘንልዎታል» አለች ዳይሬክተሯ፣ ገና በሩ ላይ። «ፅዳቷ ናት። ዕቃ ቤት ቆልፈንባታል።»

«እና እኔን ለምን ጠራችሁኝ? አስከሬኑን እንድሸከምላችሁ?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም! በአራት ሰዓት እንግዶች አሉብን። የምክትላችን መጽሐፍ ይመረቃል። ቶሎ ይዘዋት ቢሄዱልን ብዬ ነው።»

«ሰው ሞቶ ምረቃ?»

«የጥሪ ወረቀቱ እኮ ተበትኗል!»

መርማሪዋ ከአናቷ እስከ ጫማዋ አየቻትና አልፋት ገባች። ከአስከሬኑ አጠገብም ተንበረከከች። ቀድሟት የደረሰው የፖሊስ ሐኪም ምርመራውን ጨርሶ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ወድቆ አይደለም» አላት። «ከኋላው፣ በከባድና ድቡልቡል ነገር ተመትቷል። ከአሥራ ሁለት ተኩል ወዲህ ነው። ከዚያ የበለጠ አታስምዪኝ።»

መርማሪዋ ተነሥታ ክፍሉን ቀስ ብላ ዞረችው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ፣ መዝገቡም፣ ማስመሪያውም፣ የእስክሪብቶ ማስቀመጫውም የጠመኔ ብናኝ ለብሷል። ተማሪ የሚጠራበት የናስ ደወል ብቻ ያብለጨልጫል። ከበሩ ጀርባ ነጭ ጋዋን ተሰቅሏል፤ ታጥቦ የተተኮሰ ነው፣ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ሟቹ የለበሰው ጥቁር ኮት ላይ አንዲት የጠመኔ ነጥብ አልነበረችም። ይህን ሁሉ አየችና ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠራች።

ምክትሉ ቀድሞ ገባ። ረጅም ነው፤ ግቢው ሁሉ «ክራቫት» ይለዋል፣ ያለ ክራቫት ያየው ሰው ስለሌለ። አማርኛውን በአፍንጫው ያወራል፤ ለምን ቢሉ እንግሊዝኛ ሲያወራ እንደዚያ ስለለመደበት። ሳይጠየቅ ከብብቱ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጣት፤ ሽፋኑ ላይ «የተውላጠ ስም ቁልፍ» የሚል የወርቅ ጽሑፍ አለበት።

«ትናንት ማታ ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው» አለ። «ማስታወሻ ይሁንዎት።»

«ስለ ሟቹ ብንነጋገር።»

«ምን የሚያነጋግር ነገር አለ? ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሰውየው አንድ ሰዓት ሲሞላ ጠመኔ ያነሣል፤ ደቂቃ አያዛንፍም። ሰንጠረዡ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ይኸው ጨርሶታል። ስለዚህ እስከ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት በሕይወት ነበር። እኛ ሦስታችን ከአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ጀምሮ ማዶ ካፌው ቁርስ ላይ ነበርን። ፅዳቷ የገባችው አንድ ተኩል ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ሌላ ማን ነበር?»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ ሁላችንም በየቢሯችን ነበርን። ግን ምን ይጠቅማል? በሕይወት ነበር እያልኩዎት!»

«ሥራዬን ጨርሰውልኛል» አለች መርማሪዋ።

«መርዳት ግዴታችን ነው» አለ ክራቫት። ምስጋና መስሎት ደረቱን ነፋ።

ወጣቱ መምህር ተከተለ። «ካሴት» ነው የሚሉት፤ ቴፑን ይከፍትና ተማሪው እየደገመ ሳለ እሱ ጋዜጣ ያነባል።

«ቁርስ ላይ ምን አወራችሁ?» አለችው።

«ምንም። ስለ ምረቃው። እኔ አንድ ቀለድኩ፤ የኔን ቀልድ ደግሞ ማንም አይስቅበትም።»

«ምን አልክ?»

«ምክትላችን ጥቁር ክራቫት አድርገው ሲመጡ ‹ማን ሞተብዎ?› አልኳቸው።»

«ሳቁ?»

«አልሳቁም። ነገርኩዎት እኮ።»

የበሩ ጥበቃ ጡረታው የደረሰ፣ የሚያወራው ሰው የናፈቀው ሽማግሌ ነው። መምህሩ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ምክትሉ ለአንድ ሩብ ጉዳይ፣ ዳይሬክተሯ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ካሴት ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ እንደገቡ ቆጥሮ ነገራት።

«ምክትሉማ በር ላይ አቁመውኝ ‹ቀይ ክራቫቴ እንዴት ነው?› አሉኝ። ለምረቃው የገዙት ነው። እኔ ደግሞ ‹ያምርብዎታል› አልኩ። ደሞዝ ፈራሚ ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል?»

መጨረሻ ላይ የዕቃ ቤቱ በር ተከፈተ። ፅዳቷ ከባልዲና ከመወልወያ መሀል፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ናት፤ በቀኝ እጇ ጀርባ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለባት። በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ካቴናውን እያንሿሿ ነበር።

«እትዬ፣ እስቲ ይነሡና ወንበር ላይ ይቀመጡ» አለች መርማሪዋ።

ሴትዮዋ ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት። በዚህ ግቢ «እርስዎ» የሚላት አልነበረም።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል ይላሉ።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ የምጣላ? ልመዝገብ አልኩት። ከፍዬ ልማር አልኩት። በተማሪው ፊት አቁሞኝ ‹ሂ ለወንድ፣ ሺ ለሴት፣ ኢት ለመጥረጊያና መጥረጊያ ለሚይዝ› አለ። ሳቁ።»

«ጠሉት?»

«ጠላሁት! ለምን እዋሻለሁ? ስጠላው አድሬ ጠዋት ወለሉን ልወለውል መጣሁ። ሥራዬ ነዋ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩን ብከፍት ተዘርግቷል። ጮኽኩ። እነሱ መጡና እኔኑ ቆለፉብኝ።»

«እንግሊዝኛው ምን ሊያደርግልዎት ነው?»

ሴትዮዋ ጠባሳዋን አሳየቻት። «የፅዳት ኬሚካሉ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የማይገናኙትን ሁለቱን ቀላቅዬ ነው ይሄ የሆነው። ዳይሬክተሯ ‹አታነቢም እንዴ?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ኮሪደሩን የምወለውለው እሱ ሲያስተምር ነው። በር ሥር፣ በክፍተቱ ሰሌዳውን እያየሁ።» ጠባሳዋን በሌላው እጇ ሸፈነችና «አሁን ካሰራችሁኝ ያቺን የበር ሥር ትምህርትም አጣኋት» አለች። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

«ደወሉን ዛሬ ወልውለውታል?»

«የቱን ደወል? የእሱን? እንዳልነካው ከልክሎኛል። ጋዋኑን ነው የማጥብለት። ትናንት አጥቤ ሰቀልኩት። ያለሱ ጠመኔ አይነካም ነበር፤ ኮቴ ይበላሻል ይላል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልለምንዎት። ሰሌዳውን አንዴ ልየው። ስጮህ አልጨረስኩትም።»

መርማሪዋ ወሰደቻት። አስከሬኑ ተነሥቷል። ዳይሬክተሯ፣ ክራቫትና ካሴት በር ላይ ቆመው ያያሉ። ሴትዮዋ ሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ከዓምድ ወደ ዓምድ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ድርብ ተውላጠ ስሙ ላይ ብዙ ቆየች።

«ዛሬ ስህተት የለበትም» አለች።

ክራቫት ከትከት ብሎ ሳቀ። «ሰማችሁ? ሰሌዳውን አረመችልን! ደግሞ ‹የለበትም› አለችን!» ዳይሬክተሯም ሳቀች፤ ካሴት እንኳ ሳቀ። እንደነዚህ ያለ ሰው መቼም ከሱ በታች ነው ብሎ ያሰበው ሰው አፉን ሲከፍት ሳቁ ይቀድመዋል።

መርማሪዋ አልሳቀችም። «ለምን ስህተት ይኖርበታል?» ብላ ጠየቀች፣ ቀስ ብላ።

«ሁልጊዜ አለበታ። ሆን ብሎ አንድ ይደብቃል። አንዷን ብቻ። ስህተቱን ያገኘ ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ይሰደባል። አንድ ጊዜ ‹ሂዝሰልፍ› ነበር፤ ደህናው ‹ሂምሰልፍ› ነው። እኔ በር ሥር ሆኜ አገኘሁት። ለማን ልንገር?»

የክራቫት ሳቅ እዚያ ላይ ቆመ። መርማሪዋ አየችው፤ እንዳላየች ሆና ግን ወደ መስኮቱ ዞረች።

ግቢው ውስጥ ከሚጠብቁት ተማሪዎች ልብስ ሰፊውን አስጠራች። መርፌ የለመደ ጣቱን እያሻሸ ገባ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ትምህርቱ ራሱ ያ ነበር። ሰንጠረዡን እንዳለ እንገለብጣለን፣ ከዚያ ስህተቱን እናድናለን። እርማቱን ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው የምጽፈው፤ ፊቱ እንዳይቆሽሽብኝ።»

«መምህራኑ ይህን ያውቃሉ?»

«ከየት አባታቸው ያውቃሉ? እሱ እኮ ባልደረቦቹን ይንቃቸው ነበር። እግራቸው ክፍሉን አይረግጥም።» መርማሪዋ በዚህ በአንዱ እንኳ ሟቹን ሳትደግፈው አልቀረችም።

«ደብተርህን አምጣልኝ።»

«ይኸው። ግን ከፊቱ ያሉት ሰባቱ ሰንጠረዦች ትንሽ ተጨማደዋል፤ ምክትሉ ሁለት ወር ተውሰውኝ ነበር።»

መርማሪዋ ደብተሩንና ባለ ወርቅ ጽሑፉን መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጣ ሩብ ሰዓት ያህል ገለጠች። የምታውቀው እንግሊዝኛ ብዙ አይደለም፤ ግን ሁለት ጽሑፍ አንድ መሆኑን ለማየት ዓይን ይበቃል።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሯ፣ ክራቫትና ካሴት በተማሪ ወንበር ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ፅዳቷ ከሳጅኑ አጠገብ ናት፤ ካቴናው ገና በሳጅኑ እጅ ነው። ከውጭ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ድምፅ ይሰማል።

«እንግዶቼ!» አለች ዳይሬክተሯ።

«ይጠብቁ። ሟቹም ይጠብቃል» አለች መርማሪዋ። «ከጋዋኑ ልጀምር። ይህ ሰው ያለ ጋዋን ጠመኔ አይነካም። ጋዋኑ እንደተተኮሰ ተሰቅሏል፤ ኮቱም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዲት ፊደል አልጻፈም። ጠመኔውን እጁ ላይ ያስጨበጠው፣ በርጩማውንም የገለበጠው ሌላ ሰው ነው።»

«እሺ፣ ጋዋኑን ረስቶትስ ቢሆን?» አለ ክራቫት።

«ጋዋኑን ረሳ እንበል። ወጥመዱንም ረሳ? ስህተት ያልደበቀበት አንድ ቅዳሜ የለም። ይህን ሰሌዳ የጻፈው ልማዱን የማያውቅ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ያውቁታል። እትዬም ከበር ሥር ያውቁታል፤ እርሳቸው ቢጽፉት ኖሮ ስህተቱን አይረሱትም ነበር። የማያውቀው ያለው ከናንተ መሀል ነው።»

ካሴት እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «እኔ ተውላጠ ስም ቴፕ ላይ ነው ያለኝ...»

«አውቃለሁ፣ አንተ ሰባት ዓምድ ለመሙላት ሰባት ቀን ይፈጅብሃል። ዝም በል። ቀጥሎ፣ ሰንጠረዡ ለምን ተጻፈ? ሰዓቱን ለመግፋት። ሰው ሁሉ ሰሌዳውን አይቶ እስከ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት በሕይወት ነበር እንዲል። መምህሩ ግን የተመታው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በዚያ ደወል። ደወሉም ተጠርጓል፤ ከእትዬ በስተቀር የሚጠርግ ሰው ባልነበረበት ግቢ፣ እርሳቸው ደግሞ እንዳይነኩት ተከልክለው። ከዚያ ገዳዩ ግማሽ ሰዓት ያህል ጻፈና ቁርሱን ሊበላ ሄደ።»

«ይህ ሁላችንንም ይመለከታል!» አለች ዳይሬክተሯ።

«ክራቫት የሚያደርገው አንዳችሁ ብቻ ነው። ጥበቃው በቀይ ክራቫት አስገባው። ካሴት ቁርስ ላይ በጥቁር አገኘው፤ ማን ሞተብዎ ብሎም ቀለደ። ያን ሰዓት እኮ የሞተ ሰው እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ከአንድ ሰው በስተቀር።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ረጅም ሰው የሰሌዳውን ግርጌ ለመጻፍ ሲያጎነብስ ክራቫቱ ይንጠለጠልና ከላይ የተጻፈውን ይጠርጋል። ቀዩ የት ነው?»

«ሻይ ፈሰሰበት። ጣልኩት።»

«የት?»

ምክትሉ እጁን ወደ ጥቁሩ ክራቫት ሰደደ።

«ምክንያቱንም ልንገርህ» አለች። አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «የልብስ ሰፊውን ደብተር ተውሰህ ሰባቱን ሰንጠረዥ እንዳለ ገለበጥክና መጽሐፍ አልክ። ከጀርባው ያለውን እርማት ግን አልገለጥክም፤ ደብተር ገልብጦ ለማየት እንኳ ሰነፍክ። ሰባት ሳምንት፣ ሰባት ወጥመድ፤ ሰባቱም መጽሐፍህ ላይ ታትመዋል። ‹ሂዝሰልፍ› በሚያምር ፊደል ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ተቀምጧል። መምህሩ አይቶታል። ዛሬ በእንግዶችህ ፊት ሊያነብልህ እንደነበር አልጠራጠርም። ሳጅን፣ የቢሮውን ቁምሳጥን ክፈተው።»

ሳጅኑ ካቴናውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ቁልፉን ከክራቫት ኪስ ወሰደ። ሲመለስ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው ወፍራም የሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ የተውላጠ ስም ገጾቹ ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ የተተወ የጣት አሻራ አለ። ሁለተኛው ጫፉ በጠመኔ የተዥጎረጎረ ቀይ ክራቫት ነው። ሦስተኛው «የተውላጠ ስም ቁልፍ» ነው፤ ውስጡ በሟቹ እጅ ሰባት ቦታ በቀይ ተከቧል።

«ይህን እንኳ ለምን አልቀደድከውም?» አለች መርማሪዋ፣ እውነት ገርሟት።

«ስሜ አለበት» አለ ክራቫት። ድምፁ ከአፍንጫው ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉሮሮው ወጣ። «ሳቀብኝ። ‹ሰባት ስህተት› አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳቀ። እኔ ስህተት አልሠራም! ሰሌዳው ይመስክር፤ አንድ እንኳ የለበትም!»

«እሱማ ነው የያዘህ» አለች መርማሪዋ። «ሊሰድብህ የነበረውን ሰው ገድለህ፣ ሬሳው አጠገብ ቆመህ ፈተና ተፈተንክ። ምን ዓይነት ከንቱ ፍጥረት ነህ!»

ካቴናው ለእሱ ሆነ። ሲያስወጡት እንግዶቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱም የክብር እንግዳው መስሎት አጨበጨበ። ዳይሬክተሯ ወዲያው ወደ ፅዳቷ ዞረችና ፈገግ አለች። «በይ እንግዲህ፣ አንቺም ተገላገልሽ። ሰሌዳውን አጥፊና ወለሉን...»

«አፍዎን ይዝጉ» አለቻት መርማሪዋ። «ቆልፈውባቸው የነበሩት ሰው ናቸው። የኬሚካሉ ጠርሙስ ላይ አማርኛ ያስጽፉበት፤ ሰኞ መጥቼ አያለሁ።»

ልብስ ሰፊው ትናንት ከሳቁት አንዱ ነበር። ፊተኛው ወንበር የእሱ ነው፤ ሦስት ሳምንት አላስነካም ነበር። ሄዶ ደብተሩን ከላዩ አነሣ፣ በእጅጌው መቀመጫውን ጠረገና ወንበሩን ሳበላት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ። «ደንቡ ነው። ያገኘ እዚህ ይቀመጣል።»

«እኔ እኮ ምንም አላገኘሁም።»

«እሱኑ ነው ያገኙት።»

ሴትዮዋ ወንበሩን አየችው። ሦስት ዓመት በየቀኑ አቧራውን ያራገፈችለት ወንበር ነው። ጠዋት የጣለችውን መወልወያ አንሥታ ከግድግዳው ጋር አስደገፈች፣ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ ተቀመጠች። ከኋላዋ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ በየቦታቸው ገቡ። የሚያስተምራቸው ግን ማንም አልነበረም።

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ራሷ ተነሥታ ከበሩ ጀርባ ጋዋኑን አወረደችና ለበሰችው፣ ጠመኔ አንሥታ ከሰሌዳው ፊት ቆመች። ከሰው ተውላጠ ስም ዓምድ ሥር አንዲቱን ቃል በክርኗ አጠፋች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሌላ ጻፈችና ከፊታቸው ገለል አለች።

«በሉ፣» አለች፣ «ፈልጉት።»